ደንን ለብዙ ጥቅምና ለክፉ ቀን ማሰናዳት፦ ከቆጠራ እስከ ቆረጣ

ደን ያለው ሰው ወይም ማኅበር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው «ዘንድሮ ስንት ዛፍ እንቁረጥ?» ብሎ ነው። በዚህ መመሪያ ጥያቄው ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የሚወሰነው የትኛው ዛፍ ቆሞ እንደሚቀር ነው፣ ቆረጣው ከዚያ ይከተላል። የሚቆረጠውን እየመረጠ የሚሄድ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በቀጥተኛውና በወፍራሙ ግንድ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ዙር እንዲህ ከተቆረጠ በኋላ ደኑ ውስጥ የሚቀሩት ጠማማው፣ በሽተኛውና ገበያ የማይፈልገው ይሆናሉ፤ ለቀጣዩ ትውልድ ዘር የሚጥሉትም እነሱ ናቸው። ከሩቅ ለሚያየው ደኑ አሁንም አረንጓዴ ስለሆነ ጉዳቱ ቶሎ አይታወቅም።

ከዚያም ደን የሚሰጠው እንጨት ብቻ አይደለም። ምንጭ ያመነጫል፣ ንብ ያኖራል፣ መድኃኒትና ማገዶ ይሰጣል፣ ከብት ያስጠልላል። ይህን ሁሉ ከአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ መውሰድ አይቻልም፤ በቦታና በጊዜ ሲከፋፈል ግን ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ከጥቂት ሄክታር እስከ ጥቂት መቶ ሄክታር ለሚደርስ ደን ይሆናሉ። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት በአካባቢዎ ያለው የደን ሕግ ስለ ቆረጣ ፈቃድ የሚለውን አረጋግጠው ይያዙ።

አንደኛ ደረጃ፦ በእግር መዞርና ካርታ መሥራት

ደኑን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በዝናብ ወቅት አንዴ በደረቅ ወቅት ይዙሩት። በዝናብ ጊዜ ውኃ የሚሄድበትንና አፈር የሚሸረሸርበትን ያያሉ፤ በደረቅ ጊዜ ደግሞ የትኛው ምንጭ እንደማይነጥፍና እሳት በየት በኩል ሊገባ እንደሚችል ይታያል። የሳተላይት ምስል ታትሞ ቢያዝ፣ ስልክ ላይ ያለ ጂፒኤስም ቢጨመር ሥራው ይቀላል፤ በእጅ የተሣለ ካርታም ይበቃል።

በካርታው ላይ ወሰኑን፣ ምንጮችንና ጅረቶችን፣ ቀጥ ያለውን ተዳፋት፣ ቦረቦሩን፣ ሰውና ከብት የሚመላለሱባቸውን መንገዶች፣ ያረጁ ትልልቅ ዛፎች ያሉበትን ቦታ ያስፍሩ። ከዚያ ደኑን በዛፉ ዓይነት፣ በዕድሜውና በመሬቱ አቀማመጥ ወደ ክፍሎች ይከፋፍሉት። ለእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ይስጡ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ሁሉ በክፍል ቁጥር ይመዘገባል።

ሲዞሩ ብቻዎን አይሁኑ። ማገዶ የሚለቅሙ ሴቶች፣ ቀፎ የሰቀሉ ሰዎችና እረኞች ከማንም በላይ ደኑን ያውቁታል። የትኛው ዛፍ በየዓመቱ ያብባል፣ የትኛው ችግኝ ከበቀለ በኋላ ይጠፋል፣ ከብት የት ይተኛል? የእነሱ መልስ ብዙ የልኬት ድካም ያስቀራል። በዕቅዱ ላይ ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ ኋላ ክልከላውን የሚያከብርበት ምክንያት የለውም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መቁጠር

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ያልተቆጠረ ደን ማደጉም ማነሱም አይታወቅምና።

ሁሉንም ዛፍ መቁጠር አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ እኩል እየተራራቁ የሚቀመጡ ከ10 እስከ 15 የሚደርሱ የናሙና ቦታዎች ለመነሻ ይበቃሉ። ቦታዎቹ አስቀድመው ካርታ ላይ ይወሰኑ፤ ደኑ ውስጥ ከገቡ በኋላ ለዓይን ያማረውን ቦታ ከመረጡ ቆጠራው ያታልልዎታል። በቦታው መሃል ላይ ችካል ይትከሉና 12.62 ሜትር የሚረዝም ገመድ ያስሩበት። ገመዱ የሚዞረው ክብ 500 ካሬ ሜትር ስፋት አለው፤ ስለዚህ በክቡ ውስጥ ያገኙት ቁጥር በ20 ሲባዛ የአንድ ሄክታር ይሆናል። በተዳፋት ላይ ገመዱ መሬቱን ተከትሎ ሳይሆን አግድም ተወጥሮ ይያዝ።

በክቡ ውስጥ ያለውን ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ዛፍ ሁሉ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብለው ይለኩ፤ በተዳፋት ላይ ከዛፉ በላይኛው በኩል ቆመው። በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ለክተው ለ3.14 ቢያካፍሉት ዲያሜትሩን ያገኛሉ። ዝርያውንና ጤንነቱን አብረው ይመዝግቡ።

የግንዱን ይዘት ለመገመት የሚከተለው ስሌት ይበቃል። ዲያሜትሩን በሜትር አድርገው በራሱ ያባዙት፣ ከዚያ በ0.785፤ ይህ የግንዱ የቁርጥ ስፋት ነው። በዛፉ ቁመት ካባዙት በኋላ ለሁለት ይክፈሉት፣ ግንድ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ። 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 20 ሜትር ቁመት ያለው ዛፍ በዚህ ስሌት 0.7 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። ለዝርያዎ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ከደን ባለሙያ ካገኙ በዚያ ይጠቀሙ።

ለፈጣን ፍተሻ ደግሞ ኦስትሪያዊው የደን ባለሙያ ቫልተር ቢተርሊሽ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ዘዴ አለ። 1 ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርቆሮ ይምቱ። የዘንጉን ሌላ ጫፍ ዓይንዎ ሥር ይዘው በአንድ ቦታ እንደቆሙ ዙሪያውን ይዙሩ። ግንዱ በደረት ቁመት ላይ ከቆርቆሮው ሰፍቶ የሚታይዎትን ዛፍ ሁሉ ይቁጠሩ፤ ልክ እኩል የሆነውን እንደ ግማሽ ይያዙት። ያገኙት ቁጥር በሄክታር ስንት ካሬ ሜትር የግንድ ቁርጥ ስፋት እንዳለ በቀጥታ ይነግርዎታል። 24 ዛፍ ከቆጠሩ በሄክታር 24 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ከማሳሳት (የተጨናነቁ ዛፎችን ከመሃል ጥቂቱን ከመቁረጥ) በፊትና በኋላ በዚህ ዘንግ መፈተሽ ከመጠን በላይ እንዳይቆረጥ ይጠብቃል።

ችግኞችን አይርሱ። በዚያው ችካል ላይ 2.82 ሜትር ገመድ ቢያዞሩ 25 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በውስጡ የበቀሉትን ችግኞች በዝርያ ቆጥረው በ400 ያባዙ። አብዛኞቹ ቦታዎች ላይ ችግኝ ከሌለ ቆረጣውን አቁመው ምክንያቱን ይፈልጉ፦ ከብት ይሆናል፣ ጥላ ይሆናል፣ በየዓመቱ የሚያልፍ እሳት ወይም መሬቱን የሸፈነ ወራሪ ቁጥቋጦ ይሆናል። የተለያየ ዕድሜ ባለው ደን ቀጭኑ ዛፍ እጅግ ብዙ፣ መካከለኛው ያነሰ፣ ወፍራሙ ጥቂት መሆን አለበት። መሃሉ ላይ ክፍተት ካለ፣ ትልልቆቹ ሲያልፉ የሚተካቸው የለም ማለት ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ለእያንዳንዱ ክፍል ዋና ሥራ መስጠት

አሁን ካርታውን ዘርግተው ለየክፍሉ አንድ ዋና ዓላማ ይስጡ፤ ሌሎቹ ጥቅሞች ያንን እስካልጎዱ ድረስ ይፈቀዳሉ።

በመጀመሪያ የማይነካው ይለይ። ከምንጭና ከጅረት ዳር በሁለቱም በኩል 30 ሜትር ያህል፣ ቀጥ ያለ ተዳፋት፣ የመቃብርና የአምልኮ ቦታዎች፣ በጣም ያረጁ ዛፎች ያሉበት ክፍል እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በውኃ ዳር ያለ ዛፍ ውኃውን ያቀዘቅዛል፣ ዳርቻውን ይይዛል፣ ደለልም ያስቀራል፤ ከእንጨቱ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ነገር አይደለም።

ከዚያ እርስ በርሳቸው የሚጋጩትን ጥቅሞች ይለያዩ። ግጦሽና ችግኝ አብረው አይሄዱም፤ ስለዚህ አዲስ የተከፈተ ክፍል የችግኞቹ ጫፍ ከከብት አፍ በላይ እስኪሆን፣ ወደ 2 ሜትር ገደማ እስኪደርስ ይዘጋ፣ በዚያው ጊዜ ሌላ ክፍል ይከፈት። ሣር አጭዶ መውሰድ ግን በተዘጋው ክፍልም ቢሆን ይቻላል፤ ችግኙን ከመታፈን ያድነዋል፣ የእሳት ማገዶም ይቀንሳል። ቀፎ ያለበት ክፍል ውስጥ የአበባ ወቅት ሳያልፍ ቆረጣ አይካሄድ። ማገዶ የሚለቀምበት ክፍል ከተለየ በኋላ ሌሎቹ ክፍሎች ውስጥ የወደቀው እንጨት እንዲበሰብስ ይተው።

ስለ ደረቅ እንጨት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ቆሞ የደረቀ ዛፍን እንደ ብክነት ያየዋልና። ፈንገሱ፣ ጢንዚዛው፣ ግንድ ፈልፍሎ የሚኖረው ወፍ፣ ተባይ የሚበሉት ነፍሳት ሁሉ እዚያ ይኖራሉ። በአውሮፓ ደኖች የተደረጉ ጥናቶች በሄክታር ከ20 እስከ 50 ሜትር ኩብ የሚደርስ የሞተ እንጨት ቢተው ለእነዚህ ፍጥረታት እንደሚበጅ ያሳያሉ። እዚያ መድረስ ባይቻልም በሄክታር ጥቂት ወፍራም ግንዶች ይተው። መንገድና ሰው ከሚቀመጥበት አጠገብ ያለው የደረቀ ዛፍ ግን ለአደጋ ስለሚያጋልጥ ይነሣ።

አራተኛ ደረጃ፦ የሚቀሩትን መቀባት

ቀለም ይዘው ወደ ምርት ክፍሎቹ ይግቡ። በመጀመሪያው ዙር የሚቀቡት የሚቀሩትን ብቻ ነው።

በሄክታር ከ60 እስከ 100 የሚሆኑ «የነገ ዛፎች» ይምረጡ፦ ጤነኛ፣ ግንዳቸው ቀጥ ያለ፣ አናታቸው ሰፊና ሚዛኑን የጠበቀ። 100 ከሆኑ በአማካይ በየ10 ሜትሩ አንድ ይደርሳል፤ ሁለት ጥሩ ዛፎች ተጠጋግተው ካሉ ሁለቱንም መተው ይቻላል፣ ሜትር እየቆጠሩ መጨነቅ አያስፈልግም። በመካከላቸው በብዛት የማይገኙ ዝርያዎች ካሉ ውፍረታቸው ቢያንስም ይመረጡ። ከእነዚህ ሌላ በሄክታር ከ5 እስከ 10 ዛፎች ለሌሎች ፍጥረታት ይቀቡ፤ ዋሻ ያላቸውን፣ ጎጆ የተሠራባቸውን፣ ፍሬ የሚሰጡትንና ንብ የሚያርፍባቸውን። በግንድ ላይ የሚፈጠር ዋሻ ብዙ አሥርት ዓመታት፣ አንዳንዴም ከመቶ ዓመት በላይ ስለሚወስድ አንዴ ከተቆረጠ በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም። ዘር የሚሰበሰብባቸው እናት ዛፎችም የራሳቸው ምልክት ይኑራቸው።

አምስተኛ ደረጃ፦ ማሳሳት

አሁን በሌላ ቀለም ወደ ተቀናቃኞቹ ይሂዱ። በእያንዳንዱ የነገ ዛፍ ሥር ቆመው ወደ ላይ ይመልከቱ። አናቱን የሚገፉትን ከአንድ እስከ ሦስት ዛፎች ይቀቡ፤ የሚቆረጡት እነሱ ናቸው። ከታች ያሉት ጥላ ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ዛፎች የነገውን ዛፍ አይጎዱትም፤ ግንዱን ከፀሐይ ጠብቀው የታችኛው ቅርንጫፍ እንዳይወፍር ስለሚያደርጉ ይተዋሉ።

በአንድ ጊዜ ብዙ አይክፈቱ። ከቁርጥ ስፋቱ ሩብ ያህል ከተወሰደ በቂ ነው፤ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ቆይቶ መመለስ ይቻላል። በተለይ ተጨናንቆ ያደገ ደን በድንገት ከተከፈተ ነፋስ ይጥለዋል። መፈተሻው ይኸውና፦ የዛፉን ቁመት በሜትር ለዲያሜትሩ በሜትር ያካፍሉ። 20 ሜትር ቁመትና 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዛፍ 100 ይሰጣል፣ ይህም እጅግ ቀጭንና ደካማ ነው። ከ80 በላይ የሆኑ ዛፎች የበዙበት ክፍል በጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ ይሳሳ። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለው የደኑ ጠርዝ ሳይነካ ይቆይ።

ከጉቶው የሚያቆጠቁጡ ዝርያዎች ላይ ሥራው ሌላ ነው። እንደ ባሕር ዛፍ ያሉትን ዝቅ አድርገው፣ ውኃ እንዳያቁር አጋድለው፣ ልጡ ሳይላጥ በስለት ይቁረጡ። ቅርንጫፎቹ ከወጡ በኋላ በየጉቶው ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራዎቹን ትተው ሌላውን ያንሡ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በዓመት ምን ያህል?

ከደኑ የሚወሰደው ደኑ ካደገው መብለጥ የለበትም፤ እድገቱን ለማወቅ ደግሞ ሁለት ቆጠራ ያስፈልጋል። በምሳሌ እንየው። 60 ሄክታር ደን ከ5 ዓመት በፊት በሄክታር 180 ሜትር ኩብ ነበረው፣ አሁን 192 ሆኗል፣ በመሃሉ በሄክታር 8 ሜትር ኩብ ተቆርጧል። ጭማሪው 12 ነው፤ የተቆረጠው 8 ሲደመር 20፣ ለ5 ሲካፈል በዓመት በሄክታር 4 ሜትር ኩብ ይመጣል። ከ60 ሄክታሩ 10ሩ የማይነካ ከሆነ 50 በ4፣ በዓመት 200 ሜትር ኩብ። ከዚህ ውስጥ ከ140 እስከ 160 ያህሉን ብቻ ይውሰዱ፤ ቀሪው ለቆጠራ ስሕተት፣ ለድርቅና ለእሳት መጠባበቂያ ነው። በአንድ ዓመት ነፋስ ወይም ተባይ ብዙ ዛፍ ከጣለ የወደቀው ከዚያው ኮታ ላይ ይቀነሳል። ሁለተኛ ቆጠራ እስኪኖርዎት ድረስ ከማሳሳት የሚገኘው ብቻ ይበቃል።

ይህ ዘዴ በተግባር ተፈትኗል። በስዊዘርላንድ ኩቬ በምትባል መንደር የደን ባለሙያው ሄንሪ ቢዮሌ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ እንዲህ ባለው ቆጠራ ይሠራ ነበር፤ በየጥቂት ዓመቱ ዛፎቹን ይለካል፣ ካለፈው ጋር ያስተያያል፣ ቆረጣውን በዚያ ያርማል። ደኑ እየተቆረጠ ዛሬም የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ዛፎች ተደባልቀው የቆሙበት ሙሉ ደን ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ቆረጣና ማውጣት

ግንድ የሚጎተትባቸው መንገዶች ከቆረጣው በፊት ይታሰቡ። አፈሩን በጣም የሚጠቀጥቁት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምልልሶች ስለሆኑ፣ በየቦታው ከመግባት ይልቅ ጥቂት መንገዶችን ደጋግሞ መጠቀም ይሻላል። አፈሩ እርጥብ ሳለ ሥራ ይቁም። ሲጨረስ በመንገዶቹ ላይ ውኃውን ወደ ጎን የሚያወጡ አግድም እርከኖች ይሠሩ፤ ካልሆነ የግንዱ መጎተቻ በሚቀጥለው ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ዛፎችን የሚያያይዙ ሐረጎች ባሉበት ደን ሐረጎቹ ከወራት በፊት ቀድመው ይቆረጡ፤ አለዚያ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹን ይዞ ይወርዳል።

ዛፍ ሲቆረጥ ከቆራጩ በስተቀር ማንም ሰው በዛፉ ሁለት ቁመት ርቀት ውስጥ አይቁም። ዛፉ በሚወድቅበት በኩል የግንዱን ውፍረት ከአምስት እጅ አንዱን ወይም ከአራት አንዱን የሚያህል አፍ ይቆረጣል፣ ቢያንስ 45 ዲግሪ የተከፈተ። ከጀርባ ሲቆረጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጀመርና ከአፉ በፊት ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ የሚሆን እንጨት ሳይቆረጥ ይተዋል፤ ለ40 ሴንቲ ሜትር ዛፍ 4 ሴንቲ ሜትር። ዛፉን ወደታሰበው አቅጣጫ የሚመራው ይህ ማጠፊያ ነው፤ ከተቆረጠ ዛፉ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ማምለጫው መንገድ ወደ ኋላና ወደ ጎን በሰያፍ አስቀድሞ ይጠረግ። የሞተር መጋዝ ያልተማረ ሰው አይንካው። ሌላ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የቀረ ግንድ ሥርም ማንም አይግባ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ዝርያ ማብዛትና መተካት

እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2020 በመካከለኛው አውሮፓ በነበረው ድርቅ በሰፊው የሞቱት አብዛኞቹ በአንድ ዝርያ የተተከሉ የስፕሩስ (ቅጠሉ መርፌ የሚመስል ዛፍ) ደኖች ናቸው። ውኃ ያጣው ዛፍ ሙጫ ማመንጨት ሲያቅተው ቅርፊት በል ጢንዚዛ ገባበት፤ ጎረቤቱም ያው ዝርያ ስለነበረ ተባዩን የሚያቆመው አልነበረም። ሀብቱን ሁሉ በአንድ ከረጢት የያዘ መንገደኛ እንደሚጎዳው ነው።

ስለዚህ የሚጨመር ዝርያ ሁሉ እንደ መድን ይታይ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍራንክ ሳንታሙር እ.ኤ.አ. በ1990 ለከተማ ዛፎች ከአንድ ዝርያ ከ10 በመቶ፣ ከአንድ ወገን (ከሚቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) ከ20 በመቶ፣ ከአንድ ቤተሰብ (ከሚቀራረቡ ወገኖች ስብስብ) ከ30 በመቶ በላይ እንዳይተከል መክሯል። ለተፈጥሮ ደን ይህ ልክ ላይሠራ ይችላል፤ በተተከለ ደን ግን አንድ ዝርያ ግማሹን ከያዘ ወደ ሌላ መዞር እንደሚያስፈልግ ምልክት ይሁንዎ።

መጀመሪያ መሬቱ በራሱ የሚያበቅለውን ይጠብቁ። ዘር ካለ፣ ከብት ከተከለከለ፣ ብርሃን ከገባ ብዙ ጊዜ መትከል አያስፈልግም፤ በራሱ የበቀለ ችግኝ ሥሩ ስላልተነካ ድርቅን የተሻለ ይችላል። የሚጎድለው ዝርያ ብቻ በክፍተቶቹ ውስጥ ይተከል። ዘሩ ከአንድ ሁለት ዛፍ አይለቀም፤ ተራርቀው ካሉ ከ30 የማያንሱ እናት ዛፎች ተሰብስቦ ይደባለቅ። ከአካባቢዎ ትንሽ ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ቦታ የመጣ ያው ዝርያ በጥቂቱ ቢጨመር ለሚመጣው ሙቀት ይረዳል፤ አብዛኛው ግን የአካባቢው ዘር ይሁን።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ እሳት

«ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው እዚህ በቃል በቃሉ ይሠራል። መሬት ላይ ያለ ትንሽ እሳት በሰው ጉልበት ይጠፋል፤ ወደ ዛፍ አናት ከወጣ ግን ለመቆጣጠር እጅግ ከባድ ነው። መወጣጫውን ማፍረስ ነው ዋናው ሥራ። በመንገድና በእርሻ ዳር ባሉት ክፍሎች የዛፎቹን የታችኛ ቅርንጫፍ እስከ 2 ወይም 3 ሜትር ድረስ ይግረዙ፣ ሥራቸው ያለውን ደረቅ ቁጥቋጦ ያንሡ። ከቆረጣ የተረፈውን ቅርንጫፍ ከቆሙት ዛፎች ሥር አይከምሩ። የእሳት መከላከያ መስመሮች ከደረቁ ወቅት በፊት ይጠረጉ። ማር ቆራጮች ጭስ ሲጠቀሙ ውኃና አካፋ ይዘው ይውጡ። እሳት ሲነሣ ማን ማንን እንደሚጠራ፣ መሣሪያው የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ይወሰን።

አሥረኛ ደረጃ፦ እንጨት ያልሆኑት ምርቶች

ቅርፊት ለመድኃኒት ሲወሰድ ከላይ ወደ ታች በጠባቡ፣ ከአንድ ወገን ብቻ ይላጥ፤ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይሞታል። ሥሩ የሚፈለግ ተክል ከጎን ሥሮች ብቻ ይወሰድ፣ ጉድጓዱም ይደፈን። ሙጫ የሚቆነጠጥበት ዛፍ በየጥቂት ዓመቱ ይረፍ። ፍሬና ዘር ለቃሚዎች ለወፎቹም ለመሬቱም የሚሆን ይተዉ። የእነዚህ ምርቶች ገቢ በየዓመቱ የሚገባ በመሆኑ፣ እንጨት እስኪደርስ መጠበቅ ለማይችሉ ሰዎች ደኑን መጠበቅ ያዋጣቸዋል፤ ገቢው ቀድሞ ለእነሱ ቢመደብ ዘበኛ ከመቅጠር ይበልጣል።

አሥራ አንደኛ ደረጃ፦ ስምምነትና መዝገብ

ማን፣ ከየትኛው ክፍል፣ ምን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚወስድ በጽሑፍ ይስፈርና በተጠቃሚዎቹ ፊት ይነበብ። ቅጣቱም አብሮ ይጻፍ፣ ለሁሉም እኩል እንዲሆን። በየክፍሉ አንድ ገጽ ይኑር፤ የተቆረጠው መጠን፣ የተተከለው፣ የጸደቀው፣ የደረሰው ጉዳት ከነቀኑ ይገባበት። የናሙና ቦታዎቹ መሃል በማይጠፋ ችካል ወይም በድንጋይ ክምር ምልክት ይደረግበት፤ ከ5 ወይም ከ10 ዓመት በኋላ የሚቆጥረው ሰው እዚያው ቦታ ላይ መቆም አለበት። ከየቦታው በተመሳሳይ አቅጣጫ ፎቶ ማንሣትም ቁጥር ለማያነብ ሰው ለውጡን ያሳያል።

ሁለተኛው ቆጠራ ሲደርስ ሦስት ነገር ይፈትሹ፦ የእንጨቱ ክምችት፣ የችግኙ ብዛት፣ የዝርያው ቁጥር። ክምችቱ ካነሰ የዓመቱ ኮታ በዚያው ልክ ይቀነስ። ክምችቱ አድጎ ችግኙ ከጠፋ ግን ችግሩ ቆረጣው ላይሆን ይችላል፤ ግጦሹንና ጥላውን ይመርምሩ፣ አስፈላጊ ከሆነ አናቱን ጥቂት ይክፈቱ። የተቀቡት የነገ ዛፎች ላይም ቀለሙ ይታደስ፣ የሞቱትም በሌላ ይተኩ።